ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ

በአገራችን የስድብ መዝገብ ውስጥ ሙያን የሚነቅፉ ቃላት ቁጥራቸው ብዙ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸክላ የምታበጀው ሁሉ በየሥራቸው ስም ወጥቶላቸዋል፤ ስሙም ስድብ ሆኖ ቀርቷል። መድኃኒት ለሚያውቀው ሰው የደረሰው ድርሻ ደግሞ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» የሚለው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ ግን ምላስን ይገታ እንደሆነ እንጂ ልብን አይለውጥምና ቃሉ ከነመርዙ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። አዋቂውም ስድቡን ሸሽቶ እውቀቱን ሸሸገ፤ ከልጁ ለአንዱ በጆሮው ሹክ ብሎ፣ አለዚያም ከራሱ ጋር መቃብር ይዞት ወረደ።

ይህ ጽሑፍ ሥር ስለማሱና ቅጠል ስለበጠሱ ሰዎች ነው፤ ሰዎቹ ግን ነጭ ካባ የለበሱ የቤተ ሙከራ ሊቃውንት ናቸው። ከእኛ ምድር በቅለው ወደ ካንሰር ምርምር የተወሰዱ ሁለት ተክሎችን፣ በቆላችን በስፋት የሚመረት አንድ ሌላ ተክልንና በሰፊው ዓለም ያለ ስሟ የዞረች አንዲት ሴት ሕዋሳትን አብረን እንከተላለን። ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቆላው እንጀምር። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ወረር ትገኛለች። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ ዛሬ የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል የሚባለው፣ ስሙ ከሁሉ በላይ ከጥጥ ጋር የተያያዘ ነው። በአዋሽ ውኃ በሚለማው በዚያ ሞቃት ሜዳ ጥጥ ተዘርቷል፣ ተለቅሟል፣ ወደ መዳመጫም ተጭኗል።

ሰው ከጥጥ የሚያየው ነጩን ነው። ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቆ የሚመለከት ግን በውስጡ እንደ ብናኝ የተረጩ ጠቆር ያሉ ነጥቦችን ያያል። እነዚያ ነጥቦች ጎሲፖል የሚባል መርዝ የተከማቸባቸው ዕጢዎች ናቸው፤ ተክሉ ራሱን ከነፍሳት የሚከላከልባቸው የጦር ዕቃ ቤቶቹ። ያደገ ከብት የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ቢበላ፣ የሚያመሰኳ ሆዱ መርዙን በአብዛኛው ስለሚያስርለት ብዙ አይጎዳም። ዶሮ ግን ይህ ጸጋ የላትም። ፖላንዳዊው ኬሚስት ማርክሌቭስኪ በ1899 ለዚህ ነገር ስም ሲያወጣለት ከጥጥ የላቲን ስም ከፍሎ ጎሲፖል አለው። በ1970ዎቹ ቻይናውያን ለወንዶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ይሆን እንደሆነ ብለው ከ8 ሺህ በሚበልጡ ወንዶች ላይ ፈተኑት፤ የዘር ፍሬን ማምከኑ እውነት ነበር፤ ነገር ግን የአንዳንዶቹ መካንነት ሳይመለስ ቀረ፣ የአንዳንዶቹም የደም ፖታሲየም ወረደ፤ ውጥኑም ተተወ።

ከዚያ በኋላ የካንሰር ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ጎሲፖል መለሱ። እያንዳንዱ ሕዋስ ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝዝ ሥርዓት በውስጡ አለ። የካንሰር ሕዋስ ያን ትእዛዝ እንዳይሰማ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች አንዱ ቢ.ሲ.ኤል. 2 ይባላል፤ በር ዘግቶ እንደሚቀመጥ ዘበኛ ያለ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቤተ ሙከራ እንደታየው ጎሲፖል ከዚህ ዘበኛና ከወንድሞቹ ጋር ተጣብቆ ሥራ ያስፈታቸዋል። በመስታወት ሳሕን ላይ ያደጉት የካንሰር ሕዋሳትም ረገፉ። ተስፋው ታላቅ ነበር። መድኃኒቱ ወደ ሕሙማን ሲሻገር ግን ውጤቱ እንደ ሳሕኑ አልሆነም፤ በፕሮስቴትና በሳንባ ካንሰር ተሞክሮ እስከ ዛሬ በመድኃኒትነት አልጸደቀም።

የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ሕዋስን መግደል ከባድ አይደለም፤ በረኪናም ይገድላል፣ እሳትም ይገድላል። የምርምሩ ጭንቅ በሽተኛውን ሕዋስ ከጤነኛው ለይቶ መግደል ነው። በሳሕኑና በሰው ገላ መካከል ወንዝ አለ፤ መልካውን ያላገኘ መርዝ ወዲያ ማዶ ቀርቶ ያው መርዝ ይባላል።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነበር። በአገራችን ሳለ ተቅማጥ ክፉኛ አሠቃይቶት ያገሬው ሰው በሚያውቀው በአንድ ቁጥቋጦ እንደዳነ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። ቁጥቋጦው ዋጊኖስ ነው። ብሩስ ዘሩን ይዞ ሄደ፤ የአውሮፓ የዕፀዋት ሊቃውንትም ተክሉን በተጓዡ ስም ብሩሴያ ብለው፣ በሙያው ደግሞ ፀረ ተቅማጥ የሚል ቅጽል ጨምረው መዘገቡት። ለእንግዳው መድኃኒቱን ያሳየው ሥር ማሽ ስሙ በየትኛውም የላቲን መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያ ቁጥቋጦ እንደገና ተፈለገ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከአገሩ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ተባብሮ በ1960 የዓለምን ዕፀዋት በሰፊው መፈተሽ ጀምሮ ነበር። ሰብሳቢዎች በየአህጉሩ ተሠማሩ፤ ቅርፊት ላጡ፣ ሥር ማሱ፣ ቅጠል በጠሱ፤ እያደረቁም በጆንያ ላኩ። ፍተሻው በ1982 እስኪቆም ድረስ ከመቶ ሺህ በላይ የተክል ጭማቂዎች ተመርምረዋል። በዚያው ዘመን ከአሜሪካ የፓሲፊክ ዪው ዛፍ ቅርፊት የተገኘው ታክሶል የዚህ ዘመቻ ዝነኛ ልጅ ነው። ከኢትዮጵያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ ናሙና ተወሰደ፤ ወገኑ በእኛ ዘንድ አጣጥ በሚለው ስም ይታወቃል፤ በላቲኑ ሜይቴነስ ይባላል።

ሁለቱንም ተክሎች የመረመረው ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነበር። በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ከአጣጥ ያወጣውን ነገር ሜይታንሲን ብሎ ለዓለም አስታወቀ፤ በ1973 ደግሞ ከዋጊኖስ ያገኘውን ብሩሴያንቲን ብሎ አስከተለ። የሜይታንሲን ኃይል የሚያስደንቅ ነበር፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ የማይክሮ ግራም አሥር ሺህኛው እንኳ የካንሰር ሕዋሳትን እድገት ለመግታት በቃ። ስስቱም የዚያኑ ያህል ነበር፤ ከአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ተክል የሚገኘው ከአንድ ሚሊ ግራም በታች ነው። ስለዚህ ለሕክምና ሙከራ የሚበቃ መጠን ለማግኘት ሰብሳቢዎች ወደ ኬንያ ዞረው የአጣጥን የቅርብ ዘመድ በብዙ ሺህ ኪሎ መቁረጥ ግድ ሆነባቸው።

የሚሠራበትም መንገድ ለሸማኔ አገር ሰው እንግዳ አይሆንም። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ቱቡሊን የሚባሉ ፕሮቲኖች ተያይዘው እንደ ፈትል የቀጠኑ ክሮች ይሠራሉ፤ ክሮቹም ክሮሞሶሞችን ወዲያና ወዲህ ስበው ለሁለቱ ልጆች ያካፍላሉ። ሜይታንሲን ፈትሉ እንዳይፈተል ያግዳል። ድሩ ያልተደራለት ሕዋስ መከፈል አቅቶት በመካከሉ ይሞታል።

ኩፕቻን እነዚህን ጭማቂዎች እየለየ ሲያጠራ፣ የትኛው ብልቃጥ ኃይሉን እንደያዘ የሚነግሩት ምስክሮች ነበሩት። ከምስክሮቹ አንዷ ኬ.ቢ. የምትባል የሰው ሕዋስ ዘር ናት። በ1950ዎቹ አጋማሽ ስትመዘገብ ከአንድ ሰው የአፍ ውስጥ ካንሰር የተወሰደች ናት ተብሎ ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም።

በየካቲት 1951 ሄንሪዬታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የልጆች እናት ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በማኅፀን በር ካንሰር ታምማ ገባች። ሐኪሙ ከዕጢዋ ቁራጭ ቆርጦ፣ ሳትጠየቅና ሳትፈቅድ፣ ጆርጅ ጋይ ወደሚባል ተመራማሪ ቤተ ሙከራ ተላከ። ከዚያ በፊት የሰው ሕዋስ በብልቃጥ ውስጥ ጥቂት ኖሮ ይሞት ነበር፤ የእርሷ ግን በየዕለቱ እጥፍ እየሆነ ይበዛ ጀመር። እርሷ በዚያው ዓመት ጥቅምት በ31 ዓመቷ አረፈች፤ ሕዋሷ አላረፈም። ከስሟ መነሻ ፊደላት ሂላ ተብሎ በዓለም ተሠራጨ። ለረጅም ዘመንም የሕዋሱ ባለቤት ሔለን ሌን ናት እየተባለ በሐሰት ስም ይጠራ ነበር። የፖሊዮ ክትባት ሲፈተን ያገለገለው ይህ ሕዋስ ነው።

በ1966 ስታንሊ ጋርትለር የተባለ የዘረመል ተመራማሪ ከተለያዩ ሰዎች ተወስደዋል የተባሉ አሥራ ስምንት የሕዋስ ዘሮችን መርምሮ አንድ ጉድ ይዞ ተነሣ፤ ሁሉም በአፍሪካውያን ዘር ላይ እንጂ በነጮች ላይ እምብዛም የማይገኝ አንድ የኢንዛይም ምልክት ነበረባቸው። የሂላ ሕዋስ በጓንትና በመርፌ፣ በብናኝና በጠብታ እየተሸጋገረ የሌሎቹን ብልቃጥ ወርሶ ኖሯል። ቆየት ብሎ በዘረመል ምርመራ ኬ.ቢ.ም ራሷ ሂላ መሆኗ ተረጋገጠ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ነገር ክብደት ልብ በል። ከኢትዮጵያ ተራራ የተቆረጠው አጣጥና ዋጊኖስ ኃይላቸው የተመሰከረው በሄንሪዬታ ላክስ ሕዋስ ላይ ነበር። ተክሉ ከአፍሪካ ያለ ሥር ማሹ ስም ሄደ፤ ሕዋሱም ከአንዲት የአፍሪካ ልጅ ገላ ያለ ስሟ ተወሰደ። ሁለቱም በአንድ ሳሕን ላይ ተገናኙ። የላክስ ቤተሰብ ከሕዋሷ ከተጠቀመ አንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር በስምምነት ክርክሩን የዘጋው በ2023 ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመት ዘግይቶ።

ከሳሕኑ በኋላ የሁለቱ ተክሎች ዕጣ ተለያየ። ብሩሴያንቲን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሕሙማን ላይ ተሞክሮ ዕጢ የማሟሸሽ ኃይል ስላላሳየ ተተወ። ሜይታንሲንም በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ሰው ተሻግሮ ነበር፤ ነገር ግን ጤነኛውንና በሽተኛውን ሳይለይ ስለሚመታ ሕሙማኑን በማስመለስና በማስቀመጥ፣ ነርቫቸውንም በመጉዳት አሠቃየ። እርሱም ከመደርደሪያ ተመለሰ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አጣጥም ከጥጥ ፍሬው ጎን በከሸፉት መዝገብ በተጻፈ ነበር።

ያዳነው ሌላ ሳይንስ ነው፤ ቲሹን የማንበብ ሳይንስ። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኮ በ1858 ባሳተመው ትምህርቱ በሽታ ሁሉ መነሻው ሕዋስ እንደሆነ ካስተማረ ወዲህ፣ ከሕመምተኛ ገላ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት የምርመራ ሁሉ ፍርድ ሰጪ ሆኗል። ቁራጩ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፤ ውኃው ተወግዶ በፓራፊን ሰም ይሞላል፤ ከሚሊ ሜትር ሦስት ወይም አራት ሺህኛ በሚሆን ውፍረት ይላጫል፤ ከዚያም ይቀለማል። የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ የሚያደርገው ሄማቶክሲሊን የሚባለው ቀለም ራሱ ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ግንድ የወጣ ነው፤ የፓቶሎጂ ሊቅም ያለ ዕፀዋት አልሆነለትም።

በ1987 ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ ከጡት ካንሰር ሕሙማን የተወሰዱ ቁራጮችን መርምረው ሄር ቱ የሚባል ዘረመል በአንዳንዶቹ ውስጥ ከልክ በላይ ተባዝቶ አገኙ። እንዲህ ያለው ዕጢ ዛሬ ከመቶ የጡት ካንሰሮች በአሥራ አምስቱ እስከ ሃያው ላይ ይገኛል። በሕዋሱ ቆዳ ላይ የሚበቅለው የሄር ቱ ፕሮቲን በጤነኛው ሕዋስ ላይ ጥቂት፣ በካንሰሩ ላይ ግን እንደ ጫካ የበዛ ነው። እርሱን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል፣ ትራስቱዙማብ፣ በ1998 መድኃኒት ሆነ። ቀጥሎም ተመራማሪዎች የተተወውን የአጣጥ መርዝ ዘር አስታወሱና ከትራስቱዙማብ ጋር በኬሚካል ማሰሪያ አቆራኙት። ፀረ እንግዳ አካሉ በር ያንኳኳል፤ በሩ ሲከፈት መርዙ አብሮ ይገባና ውስጥ ይፈታል። በ991 ሕሙማን ላይ በተደረገና በ2012 በታተመ ሙከራ፣ አዲሱን መድኃኒት የወሰዱት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 30.9 ወር ሲሆን ቀድሞ የነበረውን ሕክምና የወሰዱት 25.1 ወር ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት 2013 አጸደቀው፤ ስሙም ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ሆነ።

ስሙን በጥንቃቄ ያነበበ በጭራው ላይ ሜይታንሲንን ያገኛል። ሜይታንሲን ደግሞ ከሜይቴነስ የመጣ ሲሆን ሜይቴነስ ራሱ ከቺሊ የማፑቼ ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ነው። አጣጥ የሚለው ስማችን የትም የለም። ተክሉም ቢሆን ዛሬ አያስፈልግም፤ የመድኃኒቱ መነሻ ከባክቴሪያ በማብላላት ይመረታል። ኢትዮጵያ በዘረመል ሀብትዋ ላይ ሕግ ያወጣችው በ2006 ነው፤ ናሙናው ከሄደ ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ። ለቁጭት የሚበቃ ነገር ሞልቷል።

ነገር ግን ከቁጭት የሚያስቸኩል አንድ ጉዳይ አለ። ይህ መድኃኒት ዛሬ በነጻ ቢመጣልን እንኳ ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቀው ቲሹ የሚያነብ ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። ዕጢዋ ሄር ቱ ላልበዛባት ሴት አይሠራም፤ የበዛባት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ያቺ የሰም ላጭ በልዩ ቀለም መታየት አለባት። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚዎቹ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ይህን ቀለም የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች ግን ጥቂቶችና በአብዛኛው በአዲስ አበባ ያሉ ናቸው። ማንበብ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአፍሪካውያን ሴቶች ላይ የሚታየው የጡት ካንሰር በአብዛኛው ሆርሞን የማይቀበል ነው የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ይነገር ነበር፤ በ2014 የታተመ ጥናት ግን በአዲስ አበባ ከታከሙ 352 ሕሙማን ዕጢዎች መካከል 65 በመቶው ኤስትሮጅን ተቀባይ እንደሆኑ አሳየ። ይህ ማለት ርካሽ በሆነ የሆርሞን እንክብል ሊረዱ የሚችሉ ብዙ ሴቶች አሉ ማለት ነው። ያን የገለጠው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ ቀድሞ የተቆረጠ ቲሹ በቅጡ መነበቡ ነው።

መልካ ወረር ያለች ሴት ጡቷ ላይ እብጠት ብታገኝስ? የሚወሰደው ቁራጭ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ፣ በዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ የሄር ቱ ምርመራ መመሪያ ያዝዛል። በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት ያለ ፎርማሊን የተቀመጠ ሥጋ በፍጥነት ይበላሻል፤ የተበላሸ ቲሹ በማይክሮስኮፕ ሥር የያዘውን ምልክት ይደብቃል፤ ምልክቱ የተደበቀባት ሴትም «የለብሽም» ተብላ ከመድኃኒቷ ትለያለች። ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር መንገድ ለከባድ መኪና የአንድ ቀን ጉዞ አይሞላም፤ በመጀመሪያዋ ሰዓት ያልተጠበቀች ቁራጭ ግን ያን መንገድ በሙሉ ብትጓዝ ዋጋ የላትም።

የአባቶቻችን ሥር ማሽ የተክሉን ስም ደብቆ ሞተ፤ የባልቲሞሩ ሐኪም የሴቲቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ሥጋዋን ወሰደ። ሁለቱንም ዘመን አልፈን የራሳችንን ቲሹ በራሳችን ዓይን የምናነብ ከሆንን፣ በየሆስፒታሉ ጓዳ ሰም እያቀለጠና ላጭ እያነሣ የሚውለው የፓቶሎጂ ቴክኒሺያን የሥር ማሾቹ ወራሽ ነው፤ ያን ስም ያለ ኀፍረት ሊሸከመው ይገባል። የመጀመሪያ ሥራውም ከባድ አይደለም። ከመልካ ወረር በምትላከው ብልቃጥ ላይ የሴቲቱ ስም ከነአባቷ፣ ቁራጩ የተወሰደበት ሰዓትና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት በማይለቅ ቀለም ይጻፉ።